ከፊል ከፍሏል

የሳዑዲ አሠሪ ስም በአገራችን ያለ አግባብ ጠፍቷል። ወሎ ውስጥ ሐርቡ ላይ ከሚኒባስ የሚወርደው ያማዋል፤ ባቲ ገበያ በርበሬ የምታሰፍረው ታማዋለች፤ ከቦሌ በር ሻንጣ ሳይዝ የወጣውማ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይረግመዋል። «በላችኝ» ይላሉ። «የሰባት ወር ላቤን በላችኝ።» እንዲህ ያለውን ሐሜት ዝም ብሎ መስማት ነውር ስለሆነ ዛሬ ለአሠሪው ጥብቅና ልቆም ተነስቻለሁ። የሪያድ አሠሪ የማንንም ደመወዝ አልበላም። አስቀምጦታል። መቀመጡን የሚያውቁት አስቀማጩና ፈጣሪው ብቻ ናቸው፤ ባለገንዘቧ እንዳትጨነቅ ተብሎ ለእሷ አልተነገራትም።

እኔ ይህን ተቋም ባንክ ብዬዋለሁ። ደብተር የለው፣ ፎርም የለው፣ ወረፋ የለው። ሂሳብ ለመክፈት ፓስፖርት ማስረከብ ይበቃል። ወለድ ስለማይከፍል ሐራም የለበትም፤ ዋናውንም ስለማይከፍል ጥርጣሬ እንኳ አይነካውም። ብሔራዊ ባንካችን ቁጠባን ለማበረታታት ስንት ስብሰባ ሲጠራ የኖረውን ነገር፣ አንዲት የሪያድ እመቤት ከኩሽናዋ ሳትወጣ ፈጽማዋለች። ሴትየዋ ቤት የገባች ልጅ ሳታስበው ቆጣቢ ትሆናለች።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ወርቅ ይዞ ድንበር መሻገር ጉምሩክ ላይ ስለሚያስጠይቅ እኔ የማሳልፈው ሰሙን ብቻ ነው። የቀረውን አንባቢ በራሱ ኃላፊነት ይፈትሽ።

መንፉሐ በሪያድ ደቡብ ያለች ሰፈር ናት። ዛሬ ትልቁ ከተማ ውጧታል እንጂ ድሮ በሐኒፋ ሸለቆ ዳር የራሷ ግንብ፣ የራሷ ተምር፣ የራሷም ገዢ ነበራት። የእኛ ሰው የሚያውቃት በእንጀራዋ፣ በቡናዋ፣ ፍራሽ ከፍራሽ በሚነካካባቸው ክፍሎቿና ከማዳም ቤት ወጥተው በተሸሸጉባት ሴቶች ነው። አረቦች ግን የሚያነሷት በአንድ ባለቅኔ ነው። አል-አዕሻ ይሉታል፤ ከእስልምና በፊት ከገነኑት የአረብ ባለቅኔዎች አንዱ ነው። የመንፉሐ ልጅ ነው፤ መቃብሩም እዚያው ነው ይባላል። ማታ ማታ ዓይኑ አያይለትም ነበርና ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

ይህ ሰው በእኛ አነጋገር አዝማሪ ነበር። ከገዢ ወደ ገዢ እየዞረ ያወድሳል፣ ይሸለማል፤ ግጥምን መተዳደሪያ ያደረገ የመጀመሪያው አረብ እሱ ነው የሚሉም አሉ። ገንዘብ ፍለጋ የዞረባቸውን አገሮች ሲቆጥር ዑማንን ይጠራል፣ ሖምስን፣ ኢየሩሳሌምን ይጠራል፤ የነጃሺንም ምድር ይጨምርበታል። የነጃሺ ምድር የምትባለው ይህችው የእኛዋ ናት። እንግዲህ እንጀራ ፍለጋ ቀይ ባሕርን የተሻገረው መጀመሪያ የመንፉሐ ሰው ነበር፤ የሐርቡ ልጅ ተራዋ የደረሰው ከ1,400 ዓመት በኋላ ነው። ነጃሺ ፓስፖርቱን ቀምቶ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ ወይም የመጨረሻ ሒሳቡን ሳይዘጋ ሰደደው የሚል ስሞታ በባለቅኔው ስም ሲነገር አልሰማሁም። አዝማሪ ደግሞ ቢቀርበት ዝም አይልም።

ስለ መጨረሻው ክፍያው የሚተረከውም ያስቀናል። በዕድሜው ማምሻ ወደ ነቢዩ ሄዶ ሊያወድሳቸው ሲነሳ ቁረይሾች መንገድ ላይ አገኙትና፣ ለዓመት ያህል ወደ ቤቱ እንዲመለስ 100 ግመል ሰጡት ይባላል። ልብ በሉ፤ 100 ግመል፣ ላልተነበበ ግጥም፣ ያውም በቅድሚያ። ወደ መንፉሐ ሲመለስ ከግመል ወድቆ ሞተ። ቢያንስ ያለ ቀሪ ሒሳብ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ሥራ ሳይሠራ የተከፈለው እንጂ፣ ሠርቶ በቅድሚያ የተከፈለው ሰው ወሬ አልደረሰኝም።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ጠበቃ ነኝ ብያለሁና። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የወጣው በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን ያማረ ሕግ ነው። 88ኛው አንቀጽ ሥራ ሲቋረጥ አሠሪው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሠራተኛውን ደመወዝና መብት አጠናቆ ይክፈል ይላል፤ ሠራተኛው ራሱ ከለቀቀ በሁለት ሳምንት። 84ኛው ደግሞ የአገልግሎት ማብቂያ ያስቆጥራል፦ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሙሉ ወር። እንዲህ ያለውን ሕግ አንብቦ የማያለቅስ ማን ነው? ነገር ግን እዚያ ሳይደረስ 7ኛው አንቀጽ በር ላይ ቆሟል። የቤት ሠራተኛዋን ከእግር እስከ ራሷ ያይና፣ «አንቺ በሌላ ደንብ ነሽ» ብሎ ይመልሳታል።

ሌላው ደንብ የወጣላት በ2013 እንደነሱ በጋ፣ በእኛ 2005 መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ክፉ አልነበረም። ደመወዟ በየሂጅራ ወሩ መጨረሻ ይከፈላት፣ ክፍያውም በጽሑፍ ይያዝ ይል ነበር። በአንድ ቤት አራት ዓመት በተከታታይ ለቆየች ደግሞ የአንድ ወር ደመወዝ ጉርሻ ነበረው። ሦስት ዓመት ከአሥር ወር ሲሞላ በድንገት ወጡ የሚያርርበት፣ ሸሚዙ የሚቃጠልበት፣ ቀለበት የሚጠፋበት ቤት ካለ፣ ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ከሒሳብ ጋር የሚያያይዙት ነገረኞች ናቸው።

የሂጅራ ወር በጨረቃ መሆኑ ግን ለባንኩ በጅቶታል። የረመዳን ጨረቃ ስትወጣ አገር ምድሩ ምስክር ያዳምጣል፤ አንድ እረኛም ቢሆን «አየኋት» ካለ ቃሉ ይሰማል። የደመወዝ ጨረቃ የምትታየው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያን ማታ ደመና ነበር ይላል።

ሃይማኖትም በነገሩ ገብቷል። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈል የሚለውን ትእዛዝ እዚያ አገር ያልሰማ የለም። በወሎ ሸኹም ቄሱም በዚህ አንድ ቃል ናቸው፤ የያዕቆብን መልእክት ያነበበ የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮህ ያውቃል። ሰዎች ግን የሪያድን አየር ይዘነጋሉ። በጋ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፣ አየሩ ደግሞ ከመድረቁ የተነሳ ላብ ከግንባር ሳይወርድ ይተናል። ጌታው ኪሱን እስኪዳብስ ላቡ የለም። ከደረቀ ደግሞ ትእዛዙ ጊዜው አልፎበታል። ይህ የአየር ጠባይ እንጂ የሰው ጥፋት አይደለም። ማዳም ቤትማ ኤሲ አለ፤ እዚያ ማን ያልበዋል? ያላላባትን ሰው በምን ይለኳታል?

አሁን አንዲት የሐርቡ ልጅ ናት እንበል። የሁለት ዓመት ውል፣ በወር 1,000 ሪያል። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ሰዓት ይከፈላታል፤ እሷም እንደ ሰዓት ትልካለች፤ የቤቱ ቆርቆሮ ይታደሳል፣ ወንድሟ ባጃጅ ይጀምራል። በሁለተኛው ዓመት ረጀብ ላይ ነገሩ ወደ ቁጠባ ይዞራል።

«ማዳም፣ የረጀብ ደመወዜን…»

«ቡክራ፣ ኢንሻአላህ።»

«የሸዕባንም አልፏል፣ ማዳም።»

«አንቺ እኮ እንደ ልጄ ነሽ። ልጅ ከእናቷ ጋር ትተሳሰባለች?»

እስከ ጁማደል አኺር ድረስ ካዳሚ ነበረች፤ በረጀብ ልጅ ሆነች። ሥራ በገባች በሁለተኛ ዓመቷ ከካዳሚነት ወደ ቤተሰብነት ያደገች ሠራተኛ በየትኛው መሥሪያ ቤት አለች? እድገቱ የደመወዝ ለውጥ ማምጣቱም አልቀረም። ረመዳን ሲገባ ሥራው እጥፍ ሆነ፤ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ እስከ ሱሁር የማይነጥፈው እንግዳ። ማዳም ለድሃ ሁሉ መጸወቱ። ለእሷ አልሰጧትም፤ ድሃ አይደለችማ፤ እሳቸው ጋር 2,000 ሪያል አላት። በዙልሒጃ ተቀማጩ ስድስት ሺህ ደረሰ። በሙሐረም ሰባት። ልጅቷ በልቧ የምትለውን እኔ ልጻፈው፦

ባዕድ ለባዕድ ሰው፣ አይራራም ይላሉ፣
የእኔ እመቤት ግን፣ ወርሰው ያኖራሉ።

ወር ሙሉ ሰው ማኖር ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳ ሦስት ቀን ነው የሚለውን የእኛን አገር ልማድ አስቡት።

ሰባት ሺህ ሲሞላ ልጅቷ ኹሩጅ ጠየቀች፤ ውሌ አልቋል፣ ሒሳቤን ሰጥታችሁ ሸኙኝ ማለቷ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ሲሆን ሁለቱም በደንብ የተጠረጉ ናቸው። አንደኛው በር ላይ የሚቀርብ ወረቀት ነው፤ ሙኻለሳ ይሉታል። በአረብኛ ተጽፏል፣ እሷ አረብኛን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ወረቀቱ ያለኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ የምጠይቀው የለኝም ይላል። ፓስፖርቱ በማዳም ግራ እጅ፣ እስክሪብቶው በቀኝ እጃቸው ነው። ትፈርማለች። የፈረመችው እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀው ሰው የላትም። ሁለተኛው መንገድ ሌሊት በር ከፍቶ ወደ መንፉሐ መሄድ ነው። ያኔ ጌታው፣ ከፊል የሚሉት አሠሪዋ፣ ስልኩን ያወጣና ሁሩብ ይመታባታል፤ ሠራተኛዬ ጠፍታለች ብሎ ማስመዝገብ ማለት ነው። ሰባቱ ሺህ ሪያል እነሱ ቤት ተቀምጦ፣ ጠፋች የተባለችው እሷ ናት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኢቃማዋ፣ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ሞቷል፤ ክስ ይዛ ወደ መሥሪያ ቤት ብትሄድ በገባችበት በር ወደ ተርሂል፣ ወደ ተባራሪዎች ማቆያ፣ ትወጣለች። ባለዕዳው ቤቱ ተኝቷል፤ ፖሊስ የሚፈልገው ባለገንዘቧን ነው።

መንፉሐ ውስጥ ቡና በሚፈላበት ክፍል እንዲህ ያለ ንግግር ያልተሰማበት ሳምንት ያለ አይመስለኝም።

«እትዬ፣ እናቴ ደመወዝሽ ደረሰሽ ወይ ብላ ድምፅ ልካለች። ምን ልበላት?»

«እንዳትዋሺያት። ሆዷንም እንዳታስጨንቂው።»

«ሁለቱ አብሮ ይሆናል እንዴ?»

«ይሆናል፣ ልጄ። የባቲ ሰው አይደለሁ? ስሚኝማ፣ እንዲህ ብለሽ ላኪላት።»

እናቴ አትዘኚ፣ ደመወዜ ደርሷል፣
ከፊል ነው የሰጠኝ፣ ልቤ ተመልሷል።

እናትየው ሰምተው እልል አሉ፣ ለጎረቤትም አሰሙ። ከጎረቤቶቹ መካከል አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ድምፁን ሁለት ጊዜ አስደግመው ካዳመጡ በኋላ ምንም አላሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትየውን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታ የሚሰጡት መሬት መሬት እያዩ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ችርቻሮ ነው። ጅምላው የመጣው በ2006 ዓ.ም. ነው።

መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ወረቀቱን ያስተካክል ወይ ይውጣ ተብሎ ለሰባት ወር ገደማ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን አለቀ። በማግስቱ አፈሳው ተጀመረ። ጥቅምት 30 ማታ መንፉሐ ውስጥ ሆነ የሚባለውን ግን በሰም ለመሸፈን አልሞክርም፤ ሰሙ አይበቃም። ፖሊስ ነበረ፤ ዱላና ስለት የያዙ የሰፈር ወጣቶች ነበሩ፤ በር ሰብረው የገቡ ነበሩ። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሦስት ዜጎች መገደላቸውን አረጋግጧል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከዚያ ሌሊት የተረፉትን አነጋግሮ ጽፏል። በማግስቱ ሻንጣቸውን የያዙ፣ ያልያዙም፣ በመንፉሐ መንገድ ላይ ተሰልፈው አውቶቡስ ጠበቁ። በማቆያዎች ምግቡና መኝታው ምን ይመስል እንደነበር የተመለሱት ራሳቸው ተናግረዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አገሩ ሕገ ወጥ ሰው አጸዳሁ አለ። የማንም አገር በሩን መጠበቅ መብቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እኔ የማየው የሒሳብ መዝገቡን ነው። ከነዚያ ሰዎች መካከል ደመወዛቸው ተይዞ ከቤት ስለወጡ ሕገ ወጥ የሆኑ ነበሩ፤ ያን ሰሞን ከሪያድ የተነሳ አውሮፕላን ሁሉ የጫነው አበዳሪ ነው። ለጨዋታ ያህል እናስላ፤ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ወር ብቻ፣ 1,000 ሪያል ትቶ ቢመጣ 160 ሚሊዮን ሪያል ይሆናል። ይህን ያህል ዕዳ ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ክርክር የተወራረደበት ዘመን በታሪክ ጥቂት ነው። ዕዳ ድሮ የሚወርደው በመክፈል ወይም በመማር ነበር፤ ደፋሩ ይክዳል። ሪያድ አንድ ጨመረችበት፦ አበዳሪን ማሳፈር።

እግራችን ሳይደክም፣ ሳንከፍል አንድ ብር፣
አሳፈሩን እኮ፣ በሰው ፊት በክብር።

አዲስ አበባ ላይም ውለታው አልተረሳም። ኅዳር 6 ቀን ሰዎች ስሜታቸውን ሊገልጹ ወደ ሳዑዲ ኤምባሲ ሄዱ። ፖሊሶቻችን ግን እንግዳ አክባሪዎች ናቸው፤ የኤምባሲው ሰዎች በጩኸት እንዳይረበሹ ብለው ሰልፈኛውን በዱላ እያስታገሱ መለሱት፤ ከፊሉንም ጣቢያ አቆዩት። ሪያድ ላይ ሐበሻ በመሆኑ የተመታውና አዲስ አበባ ላይ «ለምን ተመታ» በማለቱ የተመታው ሰው፣ በዚያ ሳምንት አንድ ዓይነት ሰንበር ነበረው። መንግሥታችን ቀድሞም አልተኛም፤ አፈሳው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ለቤት ሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን አግዶ ነበር። ለስድስት ወር የተባለው እገዳ የተነሳው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የሄዱት በኦቦክ አድርገው፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ጂዛን ነው የሄዱት። እገዳው የከለከለው አውሮፕላኑን ነበር።

እዚህ ላይ ለራሳችንም ባለሥልጣናት ምስጋና ይድረስ። ከሪያድ የሚላከው ገንዘብ በባንክ ሲገባ የውጭ ምንዛሪ ይባላል፣ በሪፖርት ይነበባል፣ ዳያስፖራው ይመሰገናል። ሪያድ የቀረው ግን የልጅቷ የግል ጉዳይ ነው። ደመወዙ ሲገባ የአገር፣ ሲቀር የግለሰብ። ከተመላሾቹ አንዳቸው ቦሌ ላይ ውኃና ብስኩት ሲሰጣቸው፣ «ሪያድ የቀረብኝ ሒሳብ አለ፣ ለማን ልንገር?» ቢሉ የሚመዘግብላቸው ጠረጴዛ የቱ ጋ እንደነበር የሚያሳየኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።

ጀልባውን ካነሳሁ ዘንድ፣ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው የሚላትን ልጨምር፦

ሙሴም ባሕር ከፍሎ፣ ሕዝቡን አሻገረ፣
የእኔም ጌታ ከፍሏል፣ ልቤ መሰከረ።

ምስክር ካለ ደግሞ መክሰስ ይቻላል። ሐርቡ የተቀመጠች ሴት ሪያድ ያለውን አሠሪዋን መክሰስ ብትፈልግ የከለከላት የለም። ውክልና ሰነዶች ማረጋገጫ ታሰጣለች፤ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጥላታል፤ ኤምባሲው ማህተም ያሳርፍበታል፤ ወደ አረብኛ ይተረጎማል። ከዚያ ሪያድ ውስጥ ውክልናውን የሚቀበል፣ ኢቃማው ያልሞተ፣ ሥራውን ጥሎ የሚመላለስ ዘመድ ብቻ ነው የሚቀራት። በሥራ ሕጉ የሚዳኝ ሠራተኛ ከሆነ መጀመሪያ 21 የሥራ ቀን የማስማማት ሙከራ አለ፤ ካልሆነ የሥራ ፍርድ ቤት። ክሱ መቅረብ ያለበት ሥራው በተቋረጠ በ12 ወር ውስጥ ነው። የሐርቡዋ ልጅ ራሴ ሄጄ ልከራከር እንዳትል፣ ተርሂል ውስጥ አሻራዋን ትታ መጥታለች። ብዙ ታላላቅ ሰዎች በባዕድ አገር አሻራቸውን ትተው ለማለፍ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ እሷ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትታ መጣች፤ አሥሩንም ጣቷን።

የእኛም ሕግ አለ። አዋጅ 923/2008 የላከሽ ኤጀንሲ ከውጭው አሠሪ ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው ይላል፤ ኤጀንሲው 100,000 ዶላር ዋስትና በባንክ እንዲያስይዝም አዟል። ይህ ጥርስ ያለው አንቀጽ ነው፣ የያዘውንም ይነክሳል። ችግሩ ደላላ አንቀጽ አይነካውም፤ ጀልባም ዋስትና አያስይዝም። በኤጀንሲ የሄደችዋ እንኳ አንቀጹ እንዳለላት የሚነገራት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ከተመለሰች በኋላ ነው።

ጥብቅናዬን ሳልጨርስ ግን አንድ ነገር ያለ ሰም ልናገር፤ መልካም ነገርን በቅኔ ማድበስበስ ነውርም ነውና። ከ2024 እንደነሱ አቆጣጠር አጋማሽ ጀምሮ ሳዑዲ ለአዲስ ውል የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት ሥርዓት በኩል በባንክ እንዲተላለፍ ማስገደድ ጀምራለች። ይህ ከሁሉም አንቀጽ የሚበልጥ ነው፤ ባንክ ውስጥ ያልገባች ረጀብ ባዶዋን ትታያለች፣ ደመና ነበር ማለትም ይቀራል። መንፉሐ ውስጥ ሁሩብ ተመትታ የተቀመጠችዋን ግን ይህ አይደርስላትም፤ ሥርዓቱ የሚያውቀው ወረቀት ያላቸውን ነው።

ማዳምን የሚያምን ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ተጠራጣሪ የሆነች ልጅ ካለች ግን የውሏን ፎቶ ሳትሄድ በፊት ለእኅቷ ስልክ ትልካለች፤ የከፊሉን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ገልብጣ ትይዛለች፤ «ቡክራ» የተባለችበትን የስልክ መልእክት አታጠፋም፤ ያላነበበችው ሙኻለሳ ላይ አትፈርምም፤ ከሁሉም በላይ ክሷን የምታቀርበው አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። እንዲህ ያለች ክፉ ልጅ ስትበዛ ደጋግ ቤቶች ይቸገራሉ፤ እኔ ግን ሳልነግር ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

የሐርቡዋ ልጅ፣ እንበል ያልነው ካልቀረ እንቀጥልና፣ ቤቷ ከገባች በኋላ ለማዳም የድምፅ መልእክት ላከች። ጤናቸውን ጠየቀች፣ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠርታ ሳመች፣ በመጨረሻም በትሕትና ሰባቱን ወር አነሳች። ማዳም በዚያው ቀን መለሱላት። ድምፃቸው ሞቅ ያለ ነበር። ቤቱ ያለ እሷ ጭር ማለቱን፣ ትንሿ ልጅ ስሟን እየጠራች ማልቀሷን፣ አዲሷ ካዳሚ ሩዝ እንኳ አለማወቋን ነገሯት። ስለ ሰባቱ ወር «ቡክራ» አሉ። ከዚያ፣ እንዳንቺ አማና ያላት እኅት የለሽም? ብለው ጠየቁ።

ታናሽ እኅቷ አጠገቧ ጎመን ትከትፍ ነበር። «ንገሪያቸው» አለች ቢላዋውን ሳታስቀምጥ፤ «እሳቸው ወደዚህ ይምጡና ይቀጠሩ። እኛም ከፊል እንሆናቸዋለን።»

ሁለቱም ሳቁ። እናትየው ከጓዳ ወጥተው፣ «ደመወዙ አሁን ስንት ገብቷል አሉ?» ብለው ጠየቁ።